የመጀመሪያ ፈቃድ፣ የብሮከር ፈቃድ ወይስ የራስ ቢሮ? ወደ ቤት አሻሻጭነት የሚያስገቡ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በአማርኛ ቤት የሚያሻሽጠውን ሁሉ «ደላላ» ብለን እናልፋለን። ሥራው በፈቃድ በሚመራበት አገር ግን በዚህ አንድ ቃል ሥር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር የሚሠራ ኤጀንት ነው። ሌላው የብሮከር ፈቃድ፣ ማለትም የራስን ቢሮ ለመክፈት የሚያበቃው ከፍ ያለ ፈቃድ፣ ኖሮት በሰው ቢሮ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ቢሮ ከፍቶ በሥሩ ያሉት ለሚሠሩት ሁሉ የሚጠየቅ ነው። «ላይሰንስ ላውጣ» ብሎ የተነሳ ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ ሳይለይ ለኮርስ ከከፈለ፣ ያልጠበቀው ነገር የሚገጥመው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ነው፤ ፈቃዱ በእጁ ነው፣ ለብቻው መሥራት ግን አይችልም።

የማዕረግ ስሞቹም ያሳስታሉ። በቴክሳስ «ብሮከር» ለመባል ዓመታት መሥራትና ብዙ መማር ያስፈልጋል። በኮሎራዶ ግን ትናንት ፈተና ያለፈው ጀማሪም ብሮከር ነው፤ የኤጀንት ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። በዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሪገንና በኢሊኖይም ጀማሪው ብሮከር ይባላል፤ የበላዩ በዋሽንግተንና በኢሊኖይ «ማኔጂንግ ብሮከር»፣ በኦሪገን «ፕሪንሲፓል ብሮከር» ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ የቢሮው ኃላፊ «ብሮከር ኦፍ ሬኮርድ» ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ለግለሰብ አሻሻጭ የሚሰጥ ፈቃድ ጨርሶ የለም። «ሪልተር» የሚለው ቃልም የፈቃድ ስም አይደለም። በ1908 የተመሠረተው የአሜሪካ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር የንግድ ምልክት ነው፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሪልተር ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ስለዚህ ከዚህ በታች መንገዶቹን የማወዳድረው በስማቸው ሳይሆን በሚያሠሩትና በሚያስጠይቁት ነገር ነው። አሜሪካን ደጋግሜ የምጠቅሰው ፈቃዱን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ስለሚሰጥ፣ በአንድ አገር ውስጥ ልዩነቱን ጎን ለጎን ለማየት ስለሚመች ነው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ተጠያቂነትን ነው። ውል ሲበላሽ፣ ቀብድ ሲጠፋ፣ የተደበቀ ጉድለት ሲወጣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማንን ይጠራል? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። ለእኔ ግን የሚያዋጣውን መንገድ ከማያዋጣው የሚለየው እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። ጊዜ ስል የትምህርቱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን እስከ መጀመሪያው ገቢ ያለውን ሙሉ ርቀት ነው። ከዚያ ሥራ ባይኖርም የሚከፈለው ቋሚ ወጪ ይመጣል፦ የፈቃድ እድሳት፣ የማኅበር አባልነት፣ የቤቶች ዝርዝር መረጃ ቋት (አሻሻጮች ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶችን የሚለዋወጡበት) ክፍያ፣ ኢንሹራንስ። አራተኛው ተንቀሳቃሽነት ነው፤ ቢዛወሩ ፈቃዱ አብሮዎት ይሄዳል ወይ? መጨረሻ የቀን ውሎዎ ይታያል። አንዱ መንገድ ከደንበኛ ጋር ቤት ለቤት ያዞርዎታል፤ ሌላው ሌሎች የጻፉትን ውል ሲመረምሩ ያውልዎታል።

አንደኛው መንገድ፦ በብሮከር ሥር የሚያሠራ የመጀመሪያ ፈቃድ

አብዛኛው ሰው የሚገባው በዚህ በር ነው። ሂደቱ በብዙ ቦታ ይመሳሰላል፦ የታዘዘውን ሰዓት መማር፣ መፈተን፣ የጣት አሻራ ሰጥቶ መጣራት፣ ማመልከት፣ ከዚያም ፈቃዱን የሚያነቃልዎ ብሮከር ማግኘት። የመጨረሻው ካልተሟላ ያለፉት ፈተና ወረቀት ሆኖ ይቀመጣል። በዱባይም የአሻሻጭነት ካርዱ ከሚሠሩበት የተመዘገበ ቢሮ ጋር የተያያዘ ነው።

የትምህርቱ ሰዓት በጣም ይለያያል። ቨርጂኒያ 60፣ ፍሎሪዳ 63፣ ኒውዮርክ 77፣ ካሊፎርኒያ 135፣ ቴክሳስ 180 ሰዓት ይጠይቃሉ። ሰዓቱ ያነሰበት ቦታ ቀላል ነው ብለው ግን አይቸኩሉ። ፍሎሪዳ በመግቢያው 63 ሰዓት ብትጠይቅም፣ ፈቃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመታደሱ በፊት ሌላ 45 ሰዓት ታስጨምራለች፤ ይህን ያላጠናቀቀ ሰው ፈቃዱን ያጣል።

ፈተናው በብዙ ግዛቶች ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ አጠቃላይ፣ ሌላው የግዛቱ ሕግ። የካሊፎርኒያው 150 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያውም 70 በመቶ። ከይዘቱ ሰው የሚፈራው ሒሳቡን ነው፤ አንድ ኤከር 43,560 ስኩዌር ጫማ መሆኑን፣ የብድርና የቤት ዋጋ ንጽጽርን፣ ግብርን በሻጭና በገዢ መካከል በቀን መከፋፈልን የመሰለው። እኔ ይበልጥ ጊዜ ስጡት የምለው ግን የውክልናን ሕግ ነው። ታማኝነትዎ ለማን እንደሆነ፣ ምን መግለጥ ግዴታ እንደሆነ፣ ምን ምስጢር እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ከፈተናው በኋላም በየቀኑ ይከተልዎታል። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግም እንዲሁ ነው፤ «ይህ ሰፈር ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ ይስማማል» የምትል፣ በቅንነት የተነገረች ዓረፍተ ነገር ፈቃድ ልታስነጥቅ ትችላለች።

ገንዘቡስ? በአሜሪካ ግዛቶች ኮሚሽኑ በሕግ የሚከፈለው ለብሮከሩ ነው፤ ኤጀንቱ ድርሻውን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ደንበኛ በቀጥታ እጅዎ ላይ ሊከፍልዎ አይችልም። ደመወዝ የለም፤ ኤጀንቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ግል ተቋራጭ ስለሚቆጠር ግብሩን ራሱ ያሰላል። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ውል ከተፈረመ በኋላ ሽያጩ እስኪጠናቀቅ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል መጠበቅ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ደንበኛ የማግኘቱ ጊዜ አለ። ስለዚህ ቢያንስ የስድስት ወር መኖሪያ ሳይዙ ያለዎትን ሥራ እንዲለቁ አልመክርም።

አንድ አዲስ ነገርም ይያዙ። ከነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ የአሜሪካ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት፣ የገዢ ወኪል ቤት ከማስጎብኘቱ በፊት ክፍያውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ከገዢው ጋር መፈራረም አለበት። የገዢ ወኪል ክፍያም በቤቶች ዝርዝር መረጃ ቋት ላይ መለጠፉ ቀርቷል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። «ለምን ይህን ያህል ልክፈልህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምንም ሳያሳዩ ነው፤ መልሱ ቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ፦ የብሮከር ፈቃድ ይዞ በሌላ ቢሮ መሥራት

ይህን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ልምድ ላለው ሰው ግን ከሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። በብዙ ቦታ «አሶሺዬት ብሮከር» ይባላል። ፈቃዱ የብሮከር ነው፤ የቢሮው ኃላፊነት ግን አሁንም የሌላ ሰው ነው።

የሚጠይቀው ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። ፍሎሪዳ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የ24 ወር ልምድና ተጨማሪ 72 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድና ስምንት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶችን፤ ፈተናውም 200 ጥያቄ ሆኖ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። ቴክሳስ አራት ዓመት ልምድና በድምሩ 900 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች። በአንዳንድ ቦታ አቋራጭ አለ፤ በኒውዮርክ በግዛቱ የተመዘገበ ጠበቃ ያለ ትምህርቱና ያለ ፈተናው የብሮከር ፈቃድ ማግኘት ይችላል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በኮሚሽን ክፍፍል ሲደራደሩ ጉልበት ይሰጣል። አለቃዎ ቢሮውን ቢዘጋ ወይም ቢታመም መንገድ ላይ አይቀሩም። ከሁሉ በላይ ግን ኃላፊነቱን ሳይሸከሙ ኃላፊነቱን ይማራሉ። አንድ ብሮከር የደንበኛ ገንዘብ ለብቻው የሚቀመጥበትን የአደራ ሂሳብ እንዴት እንደሚያስታርቅ፣ የተሳሳተ ማስታወቂያን እንዴት እንደሚያስቆም በቅርበት ማየት ከየትኛውም ኮርስ ይበልጣል። ጉዳቱ እንደ ኤጀንትነቱ ገቢዎ በኮሚሽን ላይ መንጠልጠሉ ነው። ፈቃዱ ብቻውን አንድም ደንበኛ አይጨምርም።

ሦስተኛው መንገድ፦ የራስን ቢሮ መክፈት

«ለምን ግማሹን ለብሮከር እሰጣለሁ? የራሴን ልክፈት» የሚለው ሐሳብ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የማይመጣበት ኤጀንት ጥቂት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ብሮከሩ የሚወስደው ድርሻ ለምን እንደሆነ ሳይረዱ የሚገቡ ሰዎች ያሳስቡኛል።

የመጀመሪያው ሸክም የሰው ገንዘብ ነው። ገዢ ቀብድ ሲያስይዝ፣ ገንዘቡን ብሮከሩ የሚይዝ ከሆነ ወደ ተለየ የአደራ ሂሳብ ይገባል። በካሊፎርኒያ ብሮከሩ ገንዘቡን በተቀበለ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ አስፈላጊው ቦታ ማስቀመጥ አለበት። ይህን ገንዘብ ከራስ ጋር መቀላቀል፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ «ነገ እመልሰዋለሁ» ተብሎም ቢሆን፣ ጥፋት ነው። ሌብነት እንዲሆን አይጠበቅም፤ የኪራይ ቼክ በስህተት ወደ ቢሮው ሂሳብ መግባቱ ይበቃል። ሒሳብ አያያዝ የማይወዱ ከሆነ ይህ ምልክት ነው፤ ወይ የሚይዝልዎ ባለሙያ በጀት ውስጥ ያስገቡ፣ ወይ የአደራ ገንዘብን ጨርሶ አይያዙ፤ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ቀብዱን ገለልተኛ የሆነ የሽያጭ ማጠናቀቂያ ድርጅት ወይም ጠበቃ ይያዘው።

ሁለተኛው ሸክም ቁጥጥር ነው። በሥርዎ ያለው ኤጀንት በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፈው ማስታወቂያ የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። የጻፈው ውል፣ የረሳው መግለጫ፣ በስልክ የሰጠው ተስፋ ሁሉ በእርስዎ ደጃፍ ይመጣል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው መልስ ራሱ ጥፋት ይሆናል፤ የብሮከሩ ሥራ ማወቅ ነውና። መዝገብም ለዓመታት ይቀመጣል፤ በካሊፎርኒያ ሦስት፣ በቴክሳስ አራት ዓመት። በዚህ ላይ የሙያ ስህተት ኢንሹራንስ፣ የሶፍትዌር ክፍያ፣ ለአዲስ ኤጀንት የሚባክን ጊዜ አለ።

ብቻቸውን የሚሠሩ፣ ኤጀንት የማይቀጥሩ የቢሮ ባለቤቶች አሉ፤ ለእነሱ የቁጥጥሩ ሸክም በጣም ይቀልላል። የራስ ቢሮ ልክፈት የሚል ሰው ቢጠይቀኝ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በዚህ መልክ እንዲጀምር ነው የምለው።

አራተኛው መንገድ፦ በዳር ሆኖ መሥራት

ሁሉም ሰው ቤት ማዞር አይፈልግም። ፈቃድ ያለው ረዳት ሆኖ በደመወዝ መሥራት፣ በቤት አስተዳደር ድርጅት መቀጠር፣ ወይም ደንበኛን ለሌላ ኤጀንት አስተላልፎ ከኮሚሽኑ ሩብ ያህል መካፈል ይቻላል። ደንበኛ አስተላልፎ መካፈልም ቢሆን ንቁ ፈቃድ ይጠይቃል፤ «ሰው ላኪልኝ፣ አስብልሻለሁ» የሚለው ያለ ፈቃድ የሚደረግ ስምምነት በብዙ ቦታ ሕገ ወጥ ነው። ፈቃድ የሌለው ረዳት ወረቀት ሊያዘጋጅ፣ ቀጠሮ ሊይዝ ይችላል፤ ዋጋ መደራደርና ስለ ቤቱ ምክር መስጠት ግን አይችልም።

የግለሰብ ፈቃድ በማይጠየቅበት እንግሊዝ በደመወዝና በኮሚሽን መቀጠር የተለመደ መግቢያ ነው። ይህ ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ1979 የወጣው የአሻሻጮች ሕግ አለ፤ ድርጅቱም የቅሬታ መፍቻ ተቋም አባል መሆንና ለገንዘብ ማጠብ ቁጥጥር መመዝገብ አለበት።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | በብሮከር ሥር ኤጀንት | ብሮከር በሌላ ቢሮ | የራስ ቢሮ | በዳር መሥራት |
|---|---|---|---|---|
| ዋናው ተጠያቂ | ራስዎና ብሮከሩ | ራስዎና የቢሮው ኃላፊ | እርስዎ፣ ለሁሉም | በአብዛኛው ቀጣሪው |
| ለመድረስ | ከሳምንታት እስከ ወራት | ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ልምድ | እንደ ሁለተኛው፣ ከዚያም የቢሮ ምዝገባ | ከዜሮ እስከ ጥቂት ወራት |
| የመጀመሪያ ገቢ | ዘግይቶ፣ ያልተረጋጋ | ነባር ደንበኛ ካለ ቶሎ | ወጪው ከገቢው ይቀድማል | ደመወዝ ከሆነ ወዲያው |
| ቋሚ ወጪ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| የቀን ውሎ | ደንበኛ ፍለጋና ድርድር | ድርድር፣ ጀማሪ ማገዝ | ቁጥጥር፣ ሒሳብ፣ ሰው አስተዳደር | ወረቀት፣ አስተዳደር |
| የሚስማማው | ቁጠባ ላለው ጀማሪ | ልምድ ላለው | ሥርዓት ለሚወድ | ቋሚ ገቢ ለሚፈልግ |

ተንቀሳቃሽነትን ሰንጠረዡ ውስጥ ያላስገባሁት በመንገዱ ሳይሆን በቦታው ስለሚወሰን ነው። ፍሎሪዳ ከተወሰኑ ግዛቶች ጋር ስምምነት ስላላት፣ ከእነሱ ፈቃድ ያለው ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሙሉ ኮርሱን ሳይደግም በሕግ ላይ ያተኮረ 40 ጥያቄ ብቻ ይፈተናል። እንዲህ ዓይነት ስምምነት በሌለበት ቦታ ከሀ ይጀመራል። ልትዛወሩ ያሰባችሁ ከሆነ የት እንደምትፈተኑ ከመዛወራችሁ በፊት ወስኑ፤ ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ይህ በር ሊዘጋ ይችላል።

ኮርሱን በክፍል ወይስ በኦንላይን?

እዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው በራሱ ፍጥነት የሚሄድ ኦንላይን ኮርስ ርካሽና አመቺ ነው፤ ግን ተጀምሮ የሚቀረውም እሱ ነው። የሕግ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ጥያቄ የሚጠይቅበት ቀጥታ ክፍል፣ በአካልም ሆነ በቪዲዮ፣ ለተጨማሪው ዋጋ ይበቃል። ተቋሙ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጸደቀ መሆኑን ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ያረጋግጡ፤ ከተቋሙ ማስታወቂያ አይደለም።

ያለፈ የወንጀል መዝገብ ያለው ሰው ደግሞ ለኮርስ ሳይከፍል አስቀድሞ ይጠይቅ። ቴክሳስን በመሰሉ ቦታዎች ከማመልከት በፊት ብቁ መሆን አለመሆንን የሚያስወስን ሥርዓት አለ። ወራት ተምሮ፣ ፈተና አልፎ መከልከል በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በአንድ ማመልከቻ ሊቀር የሚችል።

የመጀመሪያውን ብሮከር መምረጥ

አንደኛውን መንገድ ከመረጡ፣ ከኮርሱም ከፈተናውም በላይ ዕጣዎን የሚወስነው ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚመለከተው የክፍፍሉን መቶኛ ነው። በቁጥር እንየው። ሦስት ቢሮ አለ እንበል። የመጀመሪያው ግማሽ በግማሽ ይካፈላል፣ ያሠለጥናል። ሁለተኛው 70 ለእርስዎ 30 ለራሱ ነው። ሦስተኛው ሙሉውን ይሰጥዎታል፣ ግን ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ የዓመቱ ድምር ከአንድ ሽያጭ ኮሚሽን ጋር እኩል ነው እንበል።

በዓመት ሦስት ሽያጭ ቢሠሩ፣ የመጀመሪያው አንድ ተኩል ኮሚሽን፣ ሁለተኛው 2.1፣ ሦስተኛው 2 ያስገኝልዎታል። አራት ሲሆን ሁለተኛው 2.8፣ ሦስተኛው 3። አሥር ሲሆን 7 እና 9። ስለዚህ «መቶ በመቶ» የሚለው ማስታወቂያ እውነት የሚሆነው ሥራው አስቀድሞ ላለው ሰው ነው። ምንም ሳይሸጡ የቀሩ እንደሆነ ደግሞ ሦስተኛው ዕዳ ያስገባዎታል። በሌላ በኩል ግማሽ የሚወስደው ቢሮ አሠልጥኖ ሦስቱን ሽያጭ አምስት ካደረገልዎ 2.5 ይሆናል፤ ከሁሉም በልጦ፣ ሙያውንም አስይዞ።

ስለዚህ፦ ደንበኛ የሌለው ጀማሪ ሥልጠና ያለበትን ግማሽ በግማሽ ይውሰድ፣ ግን ክፍፍሉ ስንት ሽያጭ ላይ እንደሚሻሻል በውሉ ይጻፍለት። በማኅበረሰቡ የታወቀ፣ ከመጀመሪያው ቀን የሚደውልለት ሰው ያለው 70 ለ30ን ይመልከት። ልጆች የሚያሳድግና የገቢ መቋረጥ የማይችል አራተኛውን መንገድ ይዞ ፈቃዱን ያውጣ፤ ከውስጥ ሆኖ ሥራውን ካየ በኋላ ይወስናል። አራትና አምስት ዓመት የሠራ፣ ግን አለቃ መሆን የማይፈልግ ሁለተኛው መንገድ ላይ ይቁም።

ቃለ መጠይቁ ላይ እነሱ ብቻ አይጠይቁዎት። የመጀመሪያዬን ውል ከመላኬ በፊት ማን ያነበዋል? ቅዳሜ ማታ ችግር ቢገጥመኝ ማን ስልክ ያነሳል? ኢንሹራንሱ የማንን ስህተት ይሸፍናል፣ ከኪሴስ ስንት ይወጣል? ባለፈው ዓመት ከተቀላቀሉት ጀማሪዎች ስንቱ ዛሬ እዚህ አሉ፣ ሁለቱን ላነጋግር? ቢሮውን የለቀቅሁ ቀንስ፣ ያልተጠናቀቁት ውሎቼና የደንበኞቼ ዝርዝር የማን ናቸው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ በውሉ ላይ ሰፍሮ ሳያዩ አይፈርሙ።